አንዲት ክፍል ለቤተሰብ እንዴት ትበቃለች?

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኘው አዳማ የመንገደኛ፣ የነጋዴና የሠራተኛ ከተማ ናት። ለሥራ ወደ እርስዋ ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ኑሮአቸውን የሚጀምሩት በአንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ከተሠሩት የኪራይ ክፍሎች በአንዲቱ ነው። በዚያችው ክፍል ትዳር ይመሠረታል፤ ልጅ ያድጋል፤ ምግብ ይበስላል፤ እንግዳም ይስተናገዳል። ስለዚህ የክፍሊቱ አያያዝ የቤተሰብ ጤንነትና ሰላም ጉዳይ ነው እንጂ የጌጥ ነገር ብቻ አይደለም።

ጠባብ ክፍልን በሥርዓት ለመያዝ የመርከበኞች ልማድ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። ባሕር ለሌላት አገራችን ነገሩ የራቀ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በአዳማ መንገድ ላይ ባለችው በቢሾፍቱ፣ በባቦጋያ፣ ወጣቶቻችን ለመርከብ ሥራ ይሠለጥናሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ በአነስተኛ የጭነት መርከብ ላይ ለአንድ ሰው የሚሰጠው የመኝታ ክፍል ከ4.5 ካሬ ሜትር እንዳያንስ ይደነግጋል። ደግሞም ለእያንዳንዱ መርከበኛ 475 ሊትር የሚይዝ የልብስ ሣጥን፣ 56 ሊትር የሚይዝም መሳቢያ እንዲሰጠው ያዛል። በ25 ሊትር ጀሪካን ብንሰፍረው፣ የልብስ ሣጥኑ 19 ጀሪካን፣ መሳቢያውም ከ2 ጀሪካን ጥቂት የሚበልጥ ነው። ጠረጴዛውም ሲፈለግ የሚዘረጋ፣ ሲበቃ የሚታጠፍ ሊሆን ይችላል። በመርከብ ላይ ዕቃው በቦታው ልክ ይመረጣል፤ በብዙዎቻችን ቤት ግን አስቀድሞ ዕቃው ይገዛና ቦታው ከዚያ በኋላ ይፈለጋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው፤ ዕቃ ከመግዛት በፊት ክፍሊቱ ትለካ። አልጋው፣ ጠረጴዛውና ቁም ሣጥኑ የሚያርፉበት ቦታ በጠመኔ ወለሉ ላይ ይሠመር፤ በሩ ሲከፈት የሚይዘው ስፍራና ሰው የሚያልፍበት መንገድም ይታይ። ያን ጊዜ ለሙሽሮች የታሰበው ትልቅ ብፌ ወይም ባለ ሦስት ክፍል ሶፋ የሰውን መንገድ የሚዘጋ መሆኑ ገንዘቡ ሳይወጣ ይታወቃል። ስጦታ ሊሰጡ የሚወዱ ዘመዶችም ይህን አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ያደርጋሉ።

ሁለተኛው የአልጋው ነገር ነው። በመርከብ ላይ ከመኝታው በታች ያለው ስፍራ ባዶ አይተውም። በቤታችንም አልጋው በጠንካራ እግር ከፍ ቢል፣ ከሥሩ ክዳን ያላቸው ሣጥኖች ይገባሉ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚፈለገው ዕቃ ወደ ውስጥ፣ በየሳምንቱ የሚፈለገው ወደ ዳር ይሁን። ከአልጋው በላይ ግን መደርደሪያ መስቀል አይገባም። በመቂ፣ በባቱና በመተሐራ እንደሚታወቀው የስምጥ ሸለቆ አየር ለወባ የተመቸ ነውና፣ አጎበሩ ሳይያዝና ሳይቀደድ በነጻነት መውረድ አለበት። ቀን ቀን ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይታሰር፤ ማታ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይግባ።

ሦስተኛው ነፋስና ሙቀት ነው። በአዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት፣ በሁለት ጊዜ ሥራ 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተሠሩት የነፋስ ተርባይኖች፣ የዚያን አገር ነፋስ ብርታት ይመሰክራሉ። በበጋ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይገባልና ሰሐንና ልብስ በበሩ ትይዩ ሳይሸፈኑ አይቀመጡ። የቆርቆሮ ጣራም ሙቀቱን ወደ ታች ያወርደዋል፤ ኮርኒስ ማበጀት ይህን እጅግ ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ የምናስጠነቅቀው ስለ ከሰል ነው። ቡና ከተፈላ በኋላ ፍሙ ሳይጠፋ በሩን ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ከደም ጋራ ይጣበቃልና፣ የተኛው ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጭሱ ጠፋ ማለት ፍሙ ደኅና ሆነ ማለት አይደለም፤ ክፍሊቱም በጠበበች መጠን ጋዙ ፈጥኖ ይሞላታል። ስለዚህ ምድጃው የሚቀጣጠልበትም የሚያድርበትም ቦታ ከደጅ ይሁን። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ቢኖር፣ ቤተሰቡ ሁሉ ወዲያው ወደ ደጅ ይውጣ፤ ወደ ሐኪምም ይሂድ። በሥዕለ አድኅኖው ፊት የሚበራው ጧፍም ከመጋረጃውና ከአጎበሩ ይራቅ፤ ከመኝታ በፊትም ይጥፋ።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለን ለምናስገባው እንግዳ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረደሩ በርጩማዎች ይበቃሉ፤ እርሱ ሲሄድ ወደ ጥግ ይመለሳሉ። ተጣጣፊው ጠረጴዛም በምሳ ሰዓት የምግብ፣ ወደ ማታ የተማሪው ልጅ ይሁን፤ ልጁ በሚያጠናበት ሰዓት ሬዲዮኑም ቴሌቪዥኑም ዝም ይበሉ።

በመጨረሻም የመርከበኛው ሣጥን ቁልፍ በእጁ እንዳለ እናስብ። በአንዲት ክፍል የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚሸሸጉበት ስፍራ የላቸውም። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባልዋ የራስዋንና የራሱን መሳቢያ ይተዉ፤ ለሕፃኑም ቢሆን ያለ ፈቃዱ ማንም የማይከፍታት አንዲት ትንሽ ሣጥን ትሰጠው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ስፍራ የሁለት ጀሪካን ያህል ብቻ ነው።