በፊደል መማሪያ ውስጥ ያለ የተረት ቅርስ



ዝና ያገኘ መጽሐፍ ሁሉ ታላቅ አይደለም፤ ታላቅ የሆነም ሁሉ ዝና አያገኝም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሁለቱንም አግኝቷል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ በተረከው ጊዜ ማንበብ የማይችለው ሰው እንኳ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ቅርብ ዘመዶቹ ሊያውቃቸው ችሏል። ዛሬ የምንናገርለት መጽሐፍ ግን በዕድሜ ከዚህ እጅግ የሚቀድም ሲሆን፥ ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ይህ መጽሐፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ምፅዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ፥ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ማተሚያ ቤት የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ነው። ስሙ «ጀልቀባ በርሲሳ» ይባላል፤ የትምህርት መጀመሪያ ማለት ነው። በውስጡ ግን ፊደልና ቃላት ብቻ አይደሉም ያሉት፤ ተረት፥ ምሳሌያዊ አነጋገር፥ እንቆቅልሽና ዘፈንም ተሰብስቦበታል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በሮም ያሳተሙት በ1908 መሆኑን ስናስታውስ፥ ይህ ማንበቢያ 14 ዓመት ይቀድመዋል።

ተረቶቹ ከየት ተገኙ? ይህን ለመረዳት የወይዘሮ አስቴር ጋኖን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። እኚህ ሴት በልጅነታቸው በሊሙ እናርያ ንጉሥ ዘንድ ባሪያ ሆነው ነበር። ወደ ዓረብ አገር ሊሸጡ በባሕር ሲወሰዱ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነፃ አወጧቸውና ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም ኦኔስሞስ ነሲብ ተሰጥኦአቸውን አይተው ለሥራ አጋርነት መረጧቸው። ኦኔስሞስም ራሳቸው በልጅነታቸው ከኢሉባቦር ተሰርቀው የተሸጡና በምፅዋ ነፃ የወጡ ነበሩ። ወይዘሮ አስቴር ከአገራቸው ሲወሰዱ ይዘውት የሄዱት ንብረት አልነበረም፤ በማታ የሰሙትን ተረት ግን ማንም ሊነጥቃቸው አልቻለም። ከዚያ ትዝታ 500 ያህል ተረት፥ ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን በጽሑፍ አኖሩ፤ ከዚህም ብዙው በማንበቢያው ታተመ።

«ልብ ወለድ» ማለት ልብ የወለደው ማለት ነው። እዚህ ያለው ግን አንድ ልብ የወለደው ሳይሆን አንድ ልብ የጠበቀው ነው። ይህ ሥነ ጽሑፍነቱን አይቀንሰውም። የጀርመን አገር ወንድማማቾቹ ግሪም ከ1812 ጀምሮ ያሳተሙት ተረት ከሕዝብ አፍ የተለቀመ ሲሆን፥ ዓለም ከታላላቅ ድርሰቶች ይቆጥረዋል። ልዩነቱ ግሪሞች የሌላውን ሰው ቃል ሲጽፉ፥ ወይዘሮ አስቴር ራሳቸው የሚያውቁትን መጻፋቸው ነው።

በ1904 ኦኔስሞስና ወይዘሮ አስቴር ወደ ወለጋ መጡ። በነቀምቴም በገዢው በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ በፊተኛ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፥ ደጋፊነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚህም ከወለጋ ርቆ የታተመው ማንበቢያ ቋንቋው በሚነገርበት አገር ተማሪ አገኘ። ኦኔስሞስ በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም ለማለት አይደለም። ተረት በወረቀት ላይ ሲሰፍር የተራኪው ድምፅና የአድማጩ ምላሽ ይቀርበታል። ፊደሉም የግዕዝ ፊደል በመሆኑ ጠብቆ የሚነገረውን ከሚላላው አይለይም። ለምሳሌ በኦሮምኛ «ሶዳ» የሚለው ቃል ሲላላ ፍርሃት፥ ሲጠብቅ ግን አማች ማለት ነው፤ በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ መንፈስ ካልለየው፥ አማቹን የሚያከብረው ሰው ፍርሃትን የሚያከብር ሆኖ ይታየዋል።

ዋናው ችግር ግን ከዚህ የከበደ ነው። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ የሚጻፈው ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል ነው፤ ቁቤም የሚጠብቀውንና የሚላላውን አጣርቶ ይለያል። ስለዚህ ዛሬ በነቀምቴ፥ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ በቁቤ የተማረው ወጣት የመጽሐፉን ቋንቋ ያውቃል፤ ፊደሉ ግን ሊቸግረው ይችላል። አማርኛ ብቻ የሚናገረው አንባቢ ደግሞ ፊደሉን አንድ በአንድ ይለያል፤ ትርጉሙን ግን አያውቅም። መጽሐፉ ሁለት በር እንዳለው ቤት ነው፤ አንዱ የአንዱን፥ ሌላው የሌላውን ቁልፍ ይዞ ሁለቱም በውጭ ቆመዋል።

በአንድ ገጽ ቁቤውን፥ በትይዩው የአማርኛውን ትርጉም የያዘ እትም ሁለቱንም በሮች ይከፍታል። ይህን ለማዘጋጀት የሚረዱ ሰዎች ሩቅ አይደሉም። ፊደሉንም ቋንቋውንም የሚያውቁ በዕድሜ የገፉ ወላጆች በወለጋ ከተሞች አሉ፤ አንባቢው ጠብቆ ይሁን ላልቶ ሲጠራጠር፥ የቃሉን ትክክለኛ አነጋገር የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። እነዚህ ወላጆች ሲያልፉ ግን ይህ እውቀት አብሮ ያልፋል። ስለዚህ አያት ያለው ወጣት ሁሉ ከመጽሐፉ አንዱን ተረት ይዞ ቢቀርብ፥ አያት ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ልጁም በቁቤ ይጻፍ። ወይዘሮ አስቴር ይህን የመሰለውን ሥራ በስደት አገር፥ ከትዝታቸው ብቻ ሠርተውታል፤ ለእኛ ግን መጽሐፉም፥ የሚያነቡልንም ሰዎች ገና በአጠገባችን ናቸው።