በጓሮ ቲማቲም ላይ የሚገኘውን ትል ለይቶ ማወቅ

የጓሮ ቲማቲም ተበስቶ ሲገኝ ለልማት ሠራተኛው የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ምን መድኃኒት ይረጭ?» የሚል ነው። ከዚያ በፊት ግን የትሉ ዓይነት መታወቅ አለበት። በአገራችን ቲማቲምን ከሚበሱት ትሎች ዋነኞቹ ሁለት ሲሆኑ፣ አኗኗራቸው የተለያየ ነው።

አንደኛው ገበሬው ከሽምብራ ማሳው የሚያውቀው ጓይ ትል ነው። ዕድገቱን ሲጨርስ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር የሚያደላ ሊሆን ስለሚችል በቀለም ብቻ መለየት አያስተማምንም፤ በግራና በቀኝ ጎኑ የሚሄደውን ፈዛዛ መስመር ማየት ይሻላል። ሲበላ ጭንቅላቱን ወደ ፍሬው አስገብቶ የኋላ አካሉን ብዙ ጊዜ ውጭ ይተወዋል። ቀዳዳው ትልቅና ክብ ነው።

ሁለተኛው ቱታ አብሶሉታ ይባላል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ርዝመቱ ቢበዛ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጭንቅላቱ ኋላ ጠባብ ጥቁር መስመር አለው። በፍሬ ላይ የሚተወው ቀዳዳ በጣም ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ቅጠሉን መመርመር ይገባል። ትሉ በላይኛውና በታችኛው የቅጠል ቆዳ መካከል ያለውን ለምለም ክፍል ስለሚበላ፣ ቅጠሉ ወደ ብርሃን ሲያዝ ሰፊና ነጣ ያለ ጠባሳ፣ በውስጡም ጥቁር ኩስና ራሱ ትሉ ይታያል። ጠባሳው ቀጭንና ጠመዝማዛ መስመር ከሆነ ግን ቱታ ሳይሆን ቅጠል የሚሰረስር የዝንብ እጭ ነው፤ እሱም እግር የለውም።

ቱታ በቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር ከላይ የሚቀር መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። በብዙ አገሮችም በርካታ መድኃኒቶችን ተላምዷል። በየጥቂት ቀኑ ተለቅሞ ወደ ወጥ ቤት የሚገባን አሥርና ሃያ እግር ቲማቲም መርዝ መርጨት ተገቢ አይመስለንም። የተጠቃው ቅጠልና ፍሬ ተለቅሞ በላስቲክ ከረጢት ይታሰርና ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ከተጣለ ትሉ ዕድገቱን እዚያው ጨርሶ ይወጣል። ቱታ ድንችንም ስለሚያጠቃ አጠገቡ የተተከለ ድንች አብሮ ይመርመር።

ጓይ ትል ከሆነ ማለዳ እየዞሩ በእጅ መልቀምና የተበሳውን ፍሬ ማስወገድ ለጓሮ ይበቃል። አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ እሳት እራትነት ስለሚለወጥ፣ ከምርት በኋላ መሬቱን ገልብጦ መቆፈር ይጠቅማል። ሰፊ መሬት የሚያለሙ ማኅበራት መርጨት ግድ ቢሆንባቸው ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ወደ ፍሬው ሳይገባ መሆን አለበት።

ያልታወቀ ትል ሲያጋጥም ከነሕይወቱ ከቦታ ቦታ አይዘዋወር። አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ተከቶ፣ የሰብሉ ዓይነት፣ ቦታውና ቀኑ በእርሳስ በተጻፈ ወረቀት ተገልጾ፣ በአቅራቢያ ወደሚገኘው የምርምር ማዕከል ይላክ። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።