የሞቱትን ተማሪዎች ስለ ማሰብ

ያለፈውን የማያስብ ሕዝብ የሚመጣውን ሊያሰናዳ አይችልም። ስለዚህም አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ስንክሳርን፥ በቤተ መንግሥት ዜና መዋዕልን ጽፈው የደጉንም የክፉውንም ቀን አቆይተውልናል። ዛሬ የምናነሣው ግን ዘመኑ ቢርቅም ሰው ሁሉ ገና ያልተስማማበትን ነገር፥ ይኸውም የኢትዮጵያን ተማሪዎች እንቅስቃሴ ነው።

ከአትክልት ተራ ተነሥቶ በአፍንጮ በር በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ሰው ታላቅ ኀዘን በተፈጸመበት መንገድ ያልፋል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በአፍንጮ በር አጠገብ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱም ተማሪዎች አስከሬኑን ከበው ሲያለቅሱ ወታደሮች ወደ ግቢው ገብተው ተኮሱ፤ ሌሎችም ወጣቶች ሞቱ። ጥላሁን ድኻ አደግ አልነበረም፤ እኅቱ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ የልዑል መኰንን ባለቤት ነበሩ። ይሁን እንጂ ስለ ጭሰኛው ጮኸ።

የጩኸቱም ምክንያት ከንቱ አልነበረም። በዚያ ዘመን ብዙ ጭሰኛ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይገብር ነበር። ስለዚህ ምክር ቤቱ ስለ ጭሰኞች ሕግ በሚመክርበት ጊዜ፥ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፥ ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወጡ። ከዐሥር ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ። ነገር ግን አንድ ቃል ይጮኹ የነበሩት ወንድማማቾች በኢሕአፓና በመኢሶን ተለያይተው ተጋደሉ፤ በቀይ ሽብርም ወጣቱ በየመንገዱ ወደቀ፤ ወላጅ ልጁን እንዳያለቅስና ፍትሐት እንዳያደርግ ተከለከለ።

ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ120 በላይ የቃኘው ወታደሮች የሞቱላት ኮሪያም እንዲህ ያለ ነገር አይታለች። ሚያዝያ 11 ቀን 1952 ዓ.ም. ተማሪዎች ስለ ተጭበረበረ ምርጫ በሴኡል ቢነሡ ብዙዎቹ ተገደሉ፤ በሳምንቱ ግን ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ኮሪያውያን የዚያን ቀን ነገር በሕገ መንግሥታቸው መግቢያ ጻፉት፤ ለሙታኑም የክብር መቃብር ሠሩላቸው፤ ሰነዱንም ሰብስበው በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ አስገቡት።

በእኛ ዘንድ ግን አንዱ ተማሪዎቹን ሁሉ ሰማዕታት ያደርጋቸዋል፤ ሌላው የአገርን ጥፋት ሁሉ በእነርሱ ላይ ይጭናል። ቅዱስ መጽሐፍ የዳዊትን መዝሙር ሲያኖርልን የኦርዮን ደም አልሸሸገም። እኛም ጭሰኛውን ያሰበውን ልብ ስናመሰግን፥ ወንድሙን የገደለውን እጅ ልንደብቅ አይገባም።

እውነት ነው፥ በ2002 ዓ.ም. በመስቀል ዐደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ተከፍቷል። ቢሆንም አትክልት ተራ ገበያው በ2012 ዓ.ም. ስለ ወረርሽኙ ወደ ጃን ሜዳ ተነሣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብዙዎቹ የፒያሳ ቤቶች ፈረሱ። ከተማ መታደሱ የማይቀር ነው፤ ነገር ግን ቤት ሲፈርስ በሣጥን የነበረው ወረቀት ይጠፋል፥ ያየው ሽማግሌም ተበትኖ ይሞታል።

ስለዚህ ሹማምንት ሆይ፥ ወረቀቱ ወደ ቤተ መዛግብት እንዲገባ፥ የሽማግሌዎቹም ቃል እንዲጻፍ አድርጉ። ካህናት ሆይ፥ ያለ ፍትሐት የተቀበሩትን ከየትኛውም ወገን ቢሆኑ በየስማቸው በጸሎት አስቡ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላልና፥ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ካልተጻፉ ዕርቅ አይገኝም።