የጭድን ምርጊት ማላላት፦ ስለ ሊግኒን አጭር ማብራሪያ

አዝመራው ተሰብስቦ ዐውድማው ሲጠረግ በየአጥቢያችን የጭድ ክምር ይቆማል። ይሁን እንጂ በጋውን ያንኑ ጭድ ሲበላ የከረመው በሬ ለእርሻ በሚጠመድበት ወቅት ከስቶ እናገኘዋለን። ምክንያቱን መረዳት ለሰበካ ጉባኤዎቻችን የልማት ሥራ ይጠቅማልና እነሆ።

ጭድና አገዳ በውስጣቸው ሴሉሎስ የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት አላቸው። በከብት ጨጓራ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ይህን አብላልተው ለእንስሳው ኃይል ያደርጉታል። ነገር ግን ተክሉን የሚያጠነክረው ሊግኒን፣ ጭቃ የግድግዳን እንጨት እንደሚመርግ ሁሉ፣ ሴሉሎሱን ከቦ ይይዘዋል፤ ተሕዋስያኑም ምርጊቱን አልፈው መግባት ይሳናቸዋል።

ምርጊቱን ለማላላት ሁለት መንገዶችን እንጠቁማለን። አንደኛው በዩሪያ ማከም ነው። ለ100 ኪሎ ግራም ደረቅ ጭድ 4 ኪሎ ግራም ዩሪያ በ80 ሊትር ውኃ ይሟሟል። ጭዱ በንብርብር እየተረጨ በደንብ ይረገጣል፤ አየር እንዳይገባውም በላስቲክ ታሽጎ 3 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በደጋ ግን ከዚህ ይረዝማል። ዩሬዝ የተባለው የባክቴሪያዎች ኢንዛይም ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። አሞኒያው ሊግኒኑን ባያስወግደውም የተያያዘበትን ማሰሪያ ያላላል፤ ለጭዱም ናይትሮጅን ይጨምርለታል።

ሁለተኛው በኦይስተር እንጉዳይ መጠቀም ነው። እንጉዳዩ ላኬዝና ማንጋኒዝ ፔሮክሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞችን አመንጭቶ ሊግኒኑን ራሱን ይሰባብራል። ጭዱ ተነክሮ በእንፋሎት ከሞቀና ከቀዘቀዘ በኋላ የእንጉዳይ ዘር ይደባለቅበታል። ምርቱ ለጾም ማዕድ ይሆናል፤ የቀረው ጭድም ለአትክልት ቦታ ብስባሽ ያገለግላል።

ስለ ዩሪያ ግን አጥብቀን እናሳስባለን፤ ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ከብት ይገድላል። ስለዚህ በእፍኝ ሳይሆን በሚዛን ይለካ፤ ውሁዱ ከብት በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። የታከመው ጭድ ከመሰጠቱ በፊት ሽታው እስኪቀንስ ይናፈስ፤ ከብቱም ጥቂት በጥቂት ይልመደው። ከ6 ወር በታች ላሉ ጥጆች፣ ለአህያ፣ ለበቅሎና ለፈረስ ፈጽሞ አይሰጥ። የሻገተውም ይጣል።

እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በመጀመሪያ በ1 ኩንታል ጭድ ብቻ እንዲሞክር እንመክራለን። ምእመናን ውጤቱን በዓይናቸው ሲያዩ ሥራው ከአጥቢያው ቅጥር ወደ እያንዳንዱ ቤት ይገባል።