አንድ መንደር በሙሉ ሲሰደድ



ማታ ማታ ውሃ ቀድተን፣ ልጆች አስተኝተን ቡና ላይ ስንቀመጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። «መቼ ነው የምንሄደው?» ይላል አንዱ። «ወዴት?» ይላል ሌላው። አንዱ አገር ቤት ማለቱ ነው። ሌላው ፕሮሰስ ላይ ስለሆነ ሦስተኛ አገር ማለቱ ነው። ሌላዋ ደግሞ «እኔስ ልጆቼ እዚሁ ትምህርታቸውን ይጨርሱ» ብላ ሲኒዋን ታነሣለች። ቡናው ያልቃል፣ ወሬው ግን አያልቅም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የምናወጋችሁ በውቅያኖስ መሀል ስለሚኖር፣ አንድ ጊዜ ከነልጁ ከነሽማግሌው ተሰዶ ስለነበረ ሕዝብ ነው። ሕዝብ ስንል ግን ብዙ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ወጥተው ቢሰለፉ የእኛን የራሽን ሰልፍ ግማሽ አይሞሉም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የራቀች ደሴት

ደሴቷ ትሪስታን ዳ ኩኛ ትባላለች። የምትገኘው በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ሰው ከሚኖርባቸው ደሴቶች ሁሉ እንደ እሷ ከሌላው ዓለም የራቀ የለም ይባላል። ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን 2,800 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቅርብ የምትባለው ጎረቤቷ ቅድስት ሄሌና እንኳ ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከኬፕ ታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ገደማ ያስኬዳል፤ መርከቡም በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመላለሰው። ባሕሩ ከተናወጠ ደግሞ መንደሩን በዓይን እያዩ መውረድ ሳይቻል ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

ደሴቷ ራሷ አንድ ትልቅ ተራራ ናት ማለት ይቻላል። ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ሰው መኖር የሚችለው ከተራራው ሥር ባለች ጠባብ ሜዳ ላይ ነው። መንደሩም አንድ ብቻ ነው። ከመንደሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የድንች ማሳቸው አለ። ለእኛ ጤፍ እንደሆነው ለእነሱ ድንች ነው።

ማንም ከማንም አይበልጥም

ደሴቷን በ1506 ያያት ፖርቱጋላዊ መርከበኛ ስሙን ሰጥቷት አለፈ። ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቋሚ ነዋሪ አልነበራትም። በ1816 የእንግሊዝ ወታደሮች መጥተው ባንዲራቸውን ተከሉ። ምክንያቱ ናፖሊዮን ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ተሸንፎ በቅድስት ሄሌና ታስሮ ስለነበር፣ ደጋፊዎቹ በትሪስታን በኩል መጥተው እንዳያስፈቱት ተብሎ ነው። በዓመቱ ግን «እዚህ መቀመጡ ትርፍ የለውም» ተባለና ወታደሮቹ እንዲመለሱ ታዘዙ።

በዚህ ጊዜ ዊሊያም ግላስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው፣ ማዕረጉ አሥር አለቃ፣ «እኔ እቀራለሁ» አለ። ከኬፕ ያገባት ባለቤቱና ልጆቹ አብረውት ነበሩ። ሁለት ግንበኞችም አብረው ቀሩ። በኖቬምበር 1817 ቁጭ ብለው ውል ጻፉ። የውሉ አሳብ አጭር ነው፦ ከብቱም ዕቃውም የሁሉም እኩል ነው፤ ትርፉም ወጪውም እኩል ይካፈላል፤ ማንም ከማንም አይበልጥም። ይህ ሲጻፍ በዓለም ዙሪያ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ እንደነበር አስቡት።

እየዋለ እያደረ መርከብ የሰበረባቸውና ጉዞ የሰለቻቸው መርከበኞች ተቀላቀሏቸው። ችግሩ፣ አብዛኞቹ ወንደላጤዎች ነበሩ። ሽማግሌ ልኮ ልጅ መጠየቅ እዚያ አይቻል ነገር! ስለዚህ ወደ ቅድስት ሄሌና የሚሄድ የመርከብ አዛዥ ለመኑ፤ እሱም በ1827 አምስት ሴቶች ይዞላቸው መጣ። እነዚህ ሴቶች ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያዩ ባሕር አቋርጠው መጥተው ቤት መሠረቱ። የዛሬዎቹ ደሴተኞች ከእነዚህ እናቶችና ከእነዚያ መርከበኞች የወረዱ ናቸው፤ በደማቸው አውሮፓም አፍሪካም አለ። በኋላ በ1892 መርከባቸው ተሰብሮ እዚያው የቀሩ ሁለት ጣሊያኖችም ተጨምረዋል። ለብዙ ዘመን በደሴቷ የነበረው የቤተሰብ ስም ሰባት ብቻ ነበር፦ ግላስ፣ ስዌይን፣ ግሪን፣ ሮጀርስ፣ ሄጋን፣ ሬፔቶ፣ ላቫሬሎ።

ኑሮው ቀላል አልነበረም። ግላስ ካረፈ በኋላ በ1850ዎቹ አብዛኛው ሰው ወደ አሜሪካና ወደ ኬፕ ሄደና የቀረው 28 ሰው ብቻ ነበር። ከሁሉ የከፋው ቀን ግን በ1885 መጣ። አንድ መርከብ በሩቁ ሲያልፍ 15 ወንዶች ዕቃ ለመለዋወጥ በጀልባ ወጡ። አንዳቸውም አልተመለሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሪስታን «የመበለቶች ደሴት» ተባለች። መንግሥት ከዚያ በኋላ ከአንዴም ሁለቴ ኑ እንውሰዳችሁ ቢላቸውም አብዛኞቹ አንሄድም አሉ። የተረፈው የሞተበትን ቤት ልጆች አብሮ አሳደገ።

ዓለም ረስቷቸው የቆዩበት ጊዜም አለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቃቱን የሰሙት በ1919 መርከብ ሲደርስላቸው ነው። ገንዘብ በወጉ የገባው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ኃይል ሰዎች ሲሰፍሩባቸው ነበር። እንዲያውም በ1946 የራሳቸው ቴምብር እንዲታተምላቸው ሲጠይቁ ባዘጋጁት ናሙና ላይ ዋጋው በሁለት መንገድ ተጽፎ ነበር፦ አንድ ፔኒ ወይም አራት ድንች!

ተራራው ሲነሣ

በኦገስት 1961 መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቀላል ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን በር አልዘጋ አለ፣ ድንጋይ ከገደሉ እየተናደ መጣ። ኦክቶበር 9 ቀን ከመንደሩ አጠገብ መሬቱ ተሰነጠቀና እንደ እብጠት ወደ ላይ ተነሣ። ያን ሌሊት ሰዉ ሁሉ ሕፃኑን አቅፎ፣ አዛውንቱን ደግፎ ወደ ድንች ማሳው ሄደ። በማግስቱ በዓሣ አጥማጅ መርከቦች ተጭነው ናይቲንጌል ወደምትባል ባዶ ደሴት ተወሰዱ። እሳተ ገሞራው በበኩሉ ፈነዳ።

ከዚያ አንድ የሆላንድ መርከብ ወደ ኬፕ ታውን፣ ሌላ መርከብ ደግሞ ወደ እንግሊዝ አገር አደረሳቸው። ኖቬምበር 3 ቀን 1961 ሲደርሱ 264 ደሴተኞች ነበሩ። ምን ይዘው ወጡ ትሉ ይሆናል። እኛ ምን ይዘን ወጣን? እነሱም እንደዚያው ነው።

ካምፕ በእንግሊዝ አገር

ያረፉት በድሮ የጦር ሠፈር ውስጥ ነበር። ካምፕ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ካልሾት ወደሚባል ባሕር ዳር ወዳለ ቦታ ተዛወሩ፤ እዚያ የአየር ኃይል ቤተሰቦች ይኖሩባቸው የነበሩ ቤቶች ተሰጧቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዱ ወደዚህ ከተማ፣ ሌላው ወደዚያ ከተማ አልተበተኑም። ጎረቤት ከጎረቤቱ አጠገብ ቆየ።

እንግሊዞች ደግ ሆነው ተቀበሏቸው። ልብስ ተዋጣላቸው፣ ሥራ ተገኘላቸው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። መብራቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሱቁ ሁሉ ነበረ። ሆኖም ክረምቱ ከበዳቸው። እዚያ ደሴት ላይ የማያውቁት ጉንፋንና የሳንባ በሽታ ያዛቸው፤ አንዳንድ አረጋውያን አገራቸውን ሳያዩ እዚያው አረፉ። ሐኪሞች መረመሯቸው፣ አጥኚዎች ድምፃቸውን ቀዱ፣ ጋዜጠኞች ጠየቋቸው። እኛም ስንት ኢንተርቪው እንዳደረግን የምናውቀው እኛው ነን! ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ሲጠየቅ በመጨረሻ የራሱ ታሪክ የሌላ ሰው ይመስለዋል።

ብዙ እንግሊዞች ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። «ደመወዝ የለመደ፣ ቴሌቪዥን የለመደ ሰው ወደዚያ ድንጋይ ምን ሊያደርግ ይመለሳል?» ይሉ ነበር። ባለሥልጣናቱም መመለሱን ብዙ አልወደዱትም፤ ወጪው ብዙ፣ አደጋው የማይታወቅ ነበርና።

148 ለ5

ደሴተኞቹ ግን በየጊዜው ይጠይቁ ነበር። «አገራችን አለች ወይስ የለችም?» በ1962 መጀመሪያ የሳይንስ ባለሙያዎች ሄደው ተራራውን መረመሩ፤ ከደሴተኞቹም ሁለት ሰዎች አብረው ሄዱ። የቀለጠው ድንጋይ የዓሣ ፋብሪካውንና ጀልባ የሚወርድበትን ዳርቻ ሸፍኖት ነበር። መንደሩ ግን በአብዛኛው ተርፏል። በሴፕቴምበር ደግሞ 12 ወንዶች ቀድመው ሄደው ጣሪያ መጠገንና ድንች መትከል ጀመሩ። የጠበቃቸው ደስ የሚል አልነበረም፤ ባዶ ቤቶች በአላፊ መርከበኞች ተዘርፈዋል፣ የተተዉ ውሾች አውሬ ሆነው በጎቹን ፈጅተዋል።

በዲሴምበር 1962 ካልሾት ላይ ድምፅ ተሰጠ። ድምፁ በምሥጢር ነበር፤ ባል የሚስቱን፣ ልጅ የአባቱን ፊት እያየ እንዳይመርጥ። ውጤቱ 148 ለ5 ሆነ። 148ቱ «እንመለስ» አሉ።

እንግሊዝ ተገረመ። እነሱ ግን የሚሉት ቀላል ነበር። እዚህ ሰዓት ይቆጣጠረናል፣ እዚያ እኛ ነን ሰዓቱን የምንቆጣጠረው። እዚህ በር ይቆለፋል፣ እዚያ አይቆለፍም። አሳባቸውን ጠቅለል ስናደርገው ይህን ይመስላል።

በኤፕሪል 1963 የመጀመሪያው ትልቅ ቡድን ገባ። በኖቬምበር ቀሪዎቹ ገቡ። ጥቂቶች እንግሊዝ አገር ቀሩ፤ ማንም አልረገማቸውም። ከተመለሱትም መካከል አንዳንዶቹ በ1966 ሐሳባቸውን ቀይረው እንደገና ወደ እንግሊዝ ሄዱ። መመለስም እንደ መሰደድ ሁሉ ከባድ ነው። ልጆቹ ሌላ ነገር አይተዋል፣ እግራቸው አንድ ቦታ፣ ልባቸው ሁለት ቦታ ነበር።

ዛሬስ?

ዛሬ በትሪስታን የሚኖረው ሕዝብ ከ250 በታች ነው። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ኢንተርኔት አላቸው። የሚተዳደሩት ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ አጥምደው ወደ ውጭ በመሸጥ፣ ቴምብር በመሸጥ፣ ደግሞም በድንቻቸውና በከብታቸው ነው። መሬቱ የጋራ ነው፤ የውጭ ሰው መሬት መግዛት አይችልም። አንድ ቤተሰብ የሚያረባው የከብትና የበግ ቁጥርም የተወሰነ ነው፤ ሣሩ ለሁሉም እንዲበቃ፣ አንዱም ከሌላው በላይ እንዳይከብር። የ1817ቱ ውል በዚህ መልኩ ዛሬም ይሠራል ማለት ነው። በ2020 ደግሞ በዙሪያቸው ያለውን 700,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ባሕር ጥብቅ እንዲሆን አድርገዋል። ችግር የለም ማለት አይደለም። ወጣቱ ለትምህርት ከወጣ ይመለሳል ወይ፣ ሽማግሌው ሲበዛ ጀልባውን ማን ይቀዝፋል የሚለው ያስጨንቃቸዋል።

የወደቡ ስም

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ ያመጣነው «እነሱ ተመለሱ፣ እናንተም ተመለሱ» ለማለት አይደለም። የእኛ ነገር ሌላ ነው። የእነሱ አሳዳጅ ተራራ ነበር። ተራራ ሲበርድ ባለሙያ ሄዶ፣ ነክቶ «በርዷል» ሊል ይችላል። እኛ የሸሸነውን ግን በርዷል ወይስ በአመድ ተሸፍኗል ብሎ ነክቶ የሚነግረን ማን ነው? ያንን የሚያውቅ የሸሸው ሰው ራሱ ነው።

ከእነሱ የምንወስደው ሌላ ነው። በካምፕ ሳሉ አልተበታተኑም። አገራቸውን ለማየት ሲኬድ የራሳቸው ሰዎች አብረው ሄደው አዩ። በመጨረሻም ስለ እነሱ ሌላ ሰው አልወሰነም፤ እያንዳንዱ ተጠየቀ፣ አምስቱም እንደ 148ቱ ተቆጠሩ። ተገዶ ከመቅረትም ሆነ ተገዶ ከመመለስ የሚለየው ይህ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እሳተ ገሞራው የድሮውን የጀልባ ዳርቻ ስለሸፈነው ከተመለሱ በኋላ አዲስ ወደብ መሥራት ነበረባቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ተሠራ። ስሙን በንጉሥ ወይም በጀግና ስም መሰየም ይችሉ ነበር። እነሱ ግን «ካልሾት ወደብ» አሉት። በብርድ የተንቀጠቀጡበትን፣ አዛውንቶቻቸውን የቀበሩበትን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ያልጣለበትን፣ ድምፅ የሰጡበትን የስደት ቦታ ስም በአገራቸው በር ላይ ጻፉት። ዛሬም ከደሴቷ የሚወጣ ሁሉ፣ ወደ ደሴቷ የሚገባ ሁሉ በዚያ ስም በኩል ያልፋል።

እኛም አንድ ቀን፣ የትም ይሁን የት፣ በር የምንሠራበት ጊዜ ይመጣል። የዚህን ካምፕ ስም ማን ልጃችን ይጽፍበት ይሆን?

ቸር ያሰማን።