ካሜራችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ማዞሪያውን እዩት!

«ይሄን ካሜራ ሸጬ፣ ተበድሬም ቢሆን ትልቁን ሌንስ ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ!» ያለኝ አንድ የሰፈሬ ልጅ ነው።

ልጁ የሰርግ ፎቶ እያነሳ ይተዳደራል። ባለፈው ዕቁብ ሲደርሰው ከእጮኛው ጋር ለሚገቡበት ቤት ቅድሚያ ኪራይ ሊከፍሉበት ያሰቡትን ብር ካሜራ ገዛበት። «ወፍ አንስቼ ለካላንደር እሸጣለሁ፤ ብሩን እመልሰዋለሁ» አላት። ደስ ባይላትም ዝም አለች። ከዚያ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ወረደ። ዓሣ አጥማጆቹ ሆድ ዕቃውን ሲጥሉ አባ ኮዳዎቹ ይሻሙ የለም? እሱን ሲያነሳ ዋለ። ቤት ገብቶ ሲያየው የቆሙት ደህና ናቸው፤ የበረሩት ግን ክንፋቸው ጭስ መስሏል። እጮኛው አየችና «የኪራዩ ብር ይሄ ነው?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ኩርፊያ ነው።

«ለመሆኑ ማዞሪያው ምን ላይ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አውቶ ላይ ነዋ!»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አውቶ ሲሆን ካሜራው በዋናነት የሚለካው ብርሃኑን ነው፤ አባ ኮዳው ሊነሳ መሆኑን የት ያውቃል? ስለዚህ ለሰው ፎቶ የሚበቃውን፣ ብዙ ጊዜ 1/200ኛ ሰከንድ አካባቢ ያለውን ፍጥነት ይመርጣል። በዚያች ቅጽበት ክንፉ ቦታ ለውጧል። ፍጥነቱን መወሰን ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

እንዴት? ማዞሪያውን ኒከንና ሶኒ ላይ «ኤስ»፣ ካነን ላይ «ቲቪ» የሚለው ላይ አድርጉት። ፍጥነቱን እናንተ ትሰጣላችሁ፤ የሌንሱን ቀዳዳ እሱ ያስተካክላል። ለቆመ ወፍ 1/500ኛ፣ እንደ አባ ኮዳ ላለ ትልቅ በራሪ ከ1/1000ኛ እስከ 1/1600ኛ፣ ለትንሽና ለፈጣን 1/2000ኛና ከዚያ በላይ ሞክሩ።

ፍጥነት ሲጨምር ብርሃን ይቀንሳል። ስለዚህ አይኤስኦውን አውቶ አድርጉና ጣሪያውን 3200 ወይም 6400 ላይ ገድቡት። «ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል» ትሉ ይሆናል። ይምሰል! አሸዋውን ኮምፒውተር ላይ መቀነስ ይቻላል፤ የተንቀጠቀጠውን ክንፍ ግን አስተካክሎ የሚመልስላችሁ የለም። ስትለምዱ ደግሞ ማኑዋል ላይ ሆናችሁ ፍጥነቱንም ቀዳዳውንም ራሳችሁ ስጡ፤ አይኤስኦው ብቻ አውቶ ይሁን።

ፎከሱንም አትርሱ። ወፉን እየተከተለ የሚያስተካክለውን ምረጡ፤ ኒከንና ሶኒ ላይ «ኤኤፍ ሲ»፣ ካነን ላይ «ሰርቮ» ይባላል። ተከታታይ ተኩሱንም ክፈቱት፤ ከአሥሩ አንዱ ቢሳካ ምን ጎደለባችሁ? ደመናማ ነጭ ሰማይ ላይ ወፉ ጥላ ብቻ ሆኖ ከጠቆረባችሁ የ«+» እና የ«−» ቁልፉን ወደ +1 ውሰዱት። ነጭ ወፍ ጥቁር ውሃ ላይ ሲሆን ደግሞ ወደ − መልሱት፤ አለበለዚያ ላባው ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ጠዋት ውጡ፤ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። ወፉ እንዲነሳላችሁ ብላችሁ ግን ድንጋይ እንዳትወረውሩ፤ ጎጆው ላይ ያለውንም አትረብሹ። መጠበቅ የሥራው ግማሽ ነው።

ደግሞስ ለልምምድ ሐዋሳ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? የቤተ ክርስቲያን ግቢ ርግብ አለ፤ ሥጋ ቤት በላይ የሚዞር ጭልፊት አለ። የሰፈሬን ልጅ ያንኑ «አሮጌ» ያለውን ሌንስ አስይዤ ርግብ ፊት አቆምኩት። 1/2000ኛ ላይ ሲያደርገው የክንፏ ላባ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ካሜራው አልተሸጠም፤ ብድሩም ቀረ።

ኩርፊያው ግን አልቀረም። ፎቶዋን ይዞ ሮጦ ሄደ፤ ልጅቷ አየችና «ጥሩ ነው» ብላ መለሰችለት። እሷን ያስከፋት ለካ የፎቶው መበላሸት አይደለም፤ የሁለቱን ብር ሳያማክራት ማውጣቱ ነው። ለዚህ ደግሞ ካሜራው ላይ ማዞሪያ የለም። ወንድሜ፣ ሂድና ይቅርታ ጠይቃት!