የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ገንፎ

የትምህርት ቤት ምገባ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ተማሪው በትምህርት ቀን፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የበሰለ ምግብ ይበላል፤ እህሉን መንግሥት ወይም ረጂ ድርጅት ያቀርባል፣ ወላጅ በማገዶና በውኃ ያግዛል፣ የሰፈሩ እናቶች ያበስላሉ። በሀገራችን የዓለም ምግብ ፕሮግራም የምገባ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። አዲስ አበባም ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ከራሷ በጀት ተማሪዎቿን እየመገበች ነው። ይህን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ስለ ምገባ ሲያወራ ስንት ተማሪ፣ ስንት ኩንታል ይላል እንጂ በየትኛው ወር ብሎ አይጠይቅም። ወላይታ ላይ ግን ቁም ነገሩ ያለው ወሩ ላይ ነው።

በሆሳዕናም ሆነ በሻሸመኔ መንገድ ወደ ሶዶ የሚመጣ እንግዳ ግንቦት ላይ የሚያየው አረንጓዴ ነው። ዳሞታ ተራራ ለምልሟል፣ በየጓሮው እንሰት ቆሟል፣ በቆሎው ጉልበት ደርሷል። ያኔ የማይቀር አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «እዚህ ሀገር ደግሞ ማን ይራባል?» ይህን ከሾፌርም፣ ከባለሙያም፣ ከጋዜጠኛም ሰምቻለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም መኪና አስቁሜ ማሳ ውስጥ ላስገባቸው ይቃጣኛል። ጉልበት የደረሰ በቆሎ ፍሬ የለውም። ቅጠሉን ከብት ይበላዋል እንጂ ሕፃን አይበላውም። ወላይታን ክፉኛ የመታው የ1992ም የ2000 ዓ.ም. ረሃብም የከፋው በዚሁ ወቅት ነው፤ «አረንጓዴው ረሃብ» የተባለውም ለዚህ ነው። የበልጉ ዝናብ የካቲትና መጋቢት ላይ ይቀራል፣ ዘር ይከስራል። ዘግይቶ ሲጥል ምድሩ ይለመልማል፣ ቤቱ ውስጥ ግን የሚቀመስ የለም።

የገበሬውን ዓመት ከተማሪው ዓመት ጋር አስተያዩት። የወላይታ አርሶ አደር ዋናውን በቆሎ የሚዘራው በበልግ ነው። እሸቱ ከሰኔ ማለቂያ ጀምሮ ይደርሳል፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ይሰበሰባል። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ የሚከበረው በዚህ ጥጋብ መካከል ነው፤ ትምህርት ቤትም የሚከፈተው ያኔ ነው። መስከረም ላይ ክፍል የሚገባው ልጅ ፊቱ የፈካ ነው። ከዚያ ወዲህ እህሉ በየሳምንቱ ይጎድላል። ብዙው ቤተሰብ ያለው መሬት ከግማሽ ሄክታር በታች ስለሆነ ጥር ሳይወጣ የሚያልቅበት ቤት ጥቂት አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ የተተከለ ስኳር ድንች ከየካቲት ጀምሮ እየተቆፈረ ሰውን እስከ እሸት ያደርሳል፤ ዝናቡ ቀድሞ ከቆመ ግን እሱም የለም። እንሰት አለ ትሉኝ ይሆናል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ለጋ እንሰት ሲቆረጥ ካያችሁ ያ ቤት ጨንቆታል ማለት ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፦ ልጁ ደህና የሚበላው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለና በተከፈተ ሰሞን ነው፤ በጣም የሚርበው ደግሞ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ገፍቶ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ነው። ተማሪ ከክፍል መጥፋት የሚጀምረውም በዚሁ ጊዜ ነው። አንዱ የሰው ከብት ሊጠብቅ ይሄዳል፣ አንዱ ከዘመድ ጋር አዲስ አበባ ይገባና የሊስትሮ ሣጥን ይሸከማል። ወንበሩ ባዶ ከሆነ በኋላ ምግብ ቢመጣ ልጁን አይመልሰውም።

በቆላው በኩል በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሚያበስሉ እናት ይህን ከማንኛውም ሪፖርት በተሻለ አስረድተውኛል። ማማሰያውን ሳይለቁ ነበር የሚያወሩኝ። «ልጄ፣ ሰኞ ሰኞ ድስቱ ውስጥ ምንም አይተርፍም» አሉኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቅዳሜና እሑድ ትምህርት የለማ! ዓርብ እዚህ የበላ ልጅ ሰኞ እዚህ ይበላል። ከመጋቢት ወዲያ ደግሞ ሁሉም ቀን ሰኞ ነው።» ለትንንሾቹ አስቀድመው ይጨልፉላቸዋል፤ ትልልቆቹ ረጅም ሰልፍ ሲጠብቁ መታገሥ ይችላሉ፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን ቆሞ እንቅልፍ ይወስደዋል አሉኝ። ሰዓቱንም እሳቸው ናቸው የሚጠብቁት። ልጁ ቁርስ ሳይቀምስ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ ተጉዞ ይመጣል፤ ገንፎው ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ከደረሰ ሆዱን ይሞላል እንጂ ትምህርቱን አያግዝም።

ስለ ምግቡ ዓይነት ብዙ አልልም። ድርጅት የሚያቀርበው የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት ነው፣ ከዘይትና አዮዲን ካለው ጨው ጋር ገንፎ ይሆናል። የአካባቢው ምርት ሲሆን በቆሎና ቦሎቄ ንፍሮ ይቀቀላል። ቆጮ ብቻውን ጉልበት ነው፣ ገንቢው ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው ቦሎቄውን የምወደው። ሥጋው ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንችም ለዓይን የሚበጀውን ቫይታሚን ኤ በብዛት ይይዛል፤ ትምህርት ቤቶች ጓሮ ላይ ሐረጉን ቢተክሉት ደስ ይለኛል። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የአንጀት ትል ያለበትን ልጅ መመገብ ቀዳዳ ባለው እንስራ ውኃ እንደመቅዳት ነው። በወላይታ «ገሺያሮ» በሚል በወላይትኛ ንጽሕናን በሚያመለክት ስም የተካሄደው ትል የማጥፋት ሥራ ከምገባው ጋር ዘመድ ነው፤ ክኒኑ፣ እጅ መታጠቢያውና ድስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ገንፎው ደም የሚሆነው።

«ደረቅ እህል ለወላጅ ለምን አይሰጥም? ጣጣው ይቀላል» የሚሉ አሉ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 የክልል መንግሥታት በደረቅ እህል ፋንታ የበሰለ ምግብ እንዲያቀርቡ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። እቤት የገባ እህል ለስምንት አፍ ይከፈላል፤ ሳህን ላይ የቀረበው የልጁ ነው። ደግሞም ሁሉም አብሮ ይብላ። «የደሃ ደሃ» ተብለው የተመረጡ ልጆች ብቻ ለብቻቸው ሲሰለፉ ያየሁበት ቦታ አለ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳህኑን በደብተሩ ሸፍኖ ሲበላ ማየት ያማል። ካሜራ ይዛችሁ የምትመጡም እባካችሁ ልጁ እስኪጨርስ ጠብቁ።

ከሁሉ የባሰው ጥፋት ግን መዘግየት ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ዱቄቱ የደረሰው ግንቦት ሲጋመስ ነው። ያወረዱት ሰዎች ተደስተው ፈረሙ፤ የሰባተኛ ክፍሉ መምህር ግን የስም መጥሪያውን ከፍቶ በቀይ የተሰመረባቸውን ስሞች አሳየኝ።

መፍትሔው ደግሞ እዚሁ አጠገባችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በቀድሞው የደቡብ ክልል ከአካባቢው ገበሬ ምርት እየተገዛ የሚቀርብ ምገባ ተጀምሮ ነበር። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ለምገባ ከሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 ከመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች ለመግዣ እንዲውል ደንግጋ ነበር። የኛ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ በቆሎውና ቦሎቄው ገበያ ላይ ሞልቶ ዋጋው ሲወርድ መግዛት ይቻላል። ጨረታው ተጓቶ የካቲት ላይ ሲገዛ ግን ያው ገንዘብ ያነሰ ኩንታል ያመጣል፣ ራሱ የተራበው ገበሬም የሚሸጠው የለውም። ነቀዝ ይፈጀዋል የሚለውም አያስኬድም፤ በደንብ ደርቆ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት የታሰረ ቦሎቄ ወራት ይቆያል።

ባለፈው ጥር ከአንድ ርዕሰ መምህር ጋር መጋዘን ገብቼ ነበር። ጆንያዎቹ በርብራብ ላይ ከግድግዳው ርቀው ተደርድረዋል። በሩ ጀርባ በጠመኔ ወሮቹ ተጽፈዋል፤ ለጥቅምት ጥቂት ጭረት፣ ለታኅሣሥ ጥቂት፣ ለመጋቢት፣ ለሚያዝያና ለግንቦት ግን ጭረቶቹ ተደራርበው ቦታ አጥተዋል። «የመጀመሪያውን መንፈቅ ቆጥበን ነው» አለኝ። ከዚያ ቁልፉን ለአብሳይዋ ሰጣቸው።